ገረባውን ከፌስታሉ ለዩልን

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዩሪያ ተወደደ፣ ዩሪያ ዘገየ የሚለው እሮሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰማል። ሐረር ግን በየማታው የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ታወጣለች፤ ገረባ፣ ማለትም ከተቃመ ጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት። ቅጠሉን ፍየሎች ይለቃቅሙታል፣ እንጨቱና ትርፍራፊው ከፌስታል ጋር ተጠቅልሎ ገንዳ ይገባል። ከቄራ በኩል ደግሞ ደምና አጥንት ይወጣል። ሦስቱን አገናኝቶ ቀስ እያለ ምግቡን ለሰብሉ የሚለቅ፣ በፍሬ መልክ የተድቦለቦለ ማዳበሪያ መሥራት ይቻላል። ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽ ስለምናውቅ አሠራሩን እንጽፋለን።

ገረባውን አብስሎ ኮምፖስቱን እንዳለ መበተን ለምን አይበቃም? አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በኩንታል 1.5 ኪሎ ገደማ ነው የሚይዘው። የአንዱን ኩንታል ዩሪያ ለመተካት 30 ኩንታል ኮምፖስት ዳገት ሊወጣ ነው፤ ገበሬው ቢሸሸው አይፈረድበትም። ዩሪያም ቢሆን በሞቃትና ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ሳይሸፈን ከቀረ ከፊሉ በጥቂት ቀናት አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ለአንድ ኩንታል ፍሬ የምንመክረው መጠን ይህ ነው፦ 55 ኪሎ የተነፋ የገረባ ኮምፖስት፣ 20 ኪሎ የደረቀ ደም፣ 10 ኪሎ የአጥንት ዱቄት፣ 5 ኪሎ የከሰል ብናኝ፣ 10 ኪሎ ሸክላ አፈር። ናይትሮጅኑ 3.5 ከመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 30 ኩንታል የነበረው ሸክም ወደ 13 ይወርዳል ማለት ነው። ደሙ ቀድሞ ይለቃል፣ ኮምፖስቱ ይከተላል፣ አጥንቱ መጨረሻ ነው።

ገረባው ከጣት ባልበለጠ ርዝመት ይከተፍ፤ እንጨቱ ሳይከተፍ ከገባ ዓመትም አይበቃው። ለሦስት እጅ ገረባ አንድ እጅ የከብት እበት ተጨምሮ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍታ ይከመር። ድሬዳዋ ላይ ክምር ቶሎ ስለሚደርቅ ጉድጓድ ይሻላል። ብረት ዘንግ መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጡት፤ በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ በመልካም እየበሰለ ነው። ሲቀዘቅዝ ይገለባበጣል። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ቀን ካልቆየ ሐረርጌ ፈረምሲሳ የሚለው የፓርቲኒየም አረም ዘር ሳይሞት ከማዳበሪያው ጋር ማሳ ይገባል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ይህን ኮምፖስት ለሰላጣና ለቆስጣ አንመክርም። ለጫት፣ ለቡናና ለማሽላ ይሁን።

ደሙ በወጣበት ቀን መቀቀል አለበት። እየተማሰለ ግማሽ ሰዓት ከፈላ ይረጋል፤ በጆንያ ተጨምቆ ይደርቃል። ከ100 ሊትር ወደ 18 ኪሎ ይገኛል። ደም መንካት የማይፈልግ በምትኩ ፋጉሎ ወይም የዶሮ ኩስ ይጠቀም፤ ናይትሮጅኑ ግን ይቀንሳል። አጥንቱ ስቡ እስኪለቅ ተቀቅሎ፣ ደርቆ ይፈጭ። በበሽታ ከሞተ ወይም አሟሟቱ ካልታወቀ ከብት ደምም አጥንትም አይወሰድ፤ የአባሰንጋ ተህዋስ በቀላሉ አይሞትም። ኖራማ በሆነው የድሬዳዋ አፈር የአጥንት ፎስፈረስ እምብዛም አይሟሟምና እዚያ አጥንቱን በኮምፖስት መተካት ይሻላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አመድ ሲጨምር ነው። አመድ ደሙ ላይ ሲያርፍ አሞኒያው ይሸታል። አፍንጫችሁን ያቃጠለው ያ ሽታ ለማሽላው የታሰበው ናይትሮጅን ነው።

ፍሬውን ለማውጣት የኮንክሪት ሚክሰር ይበቃል። ደረቁ ድብልቅ ይገባና እየዞረ ውኃ በመርጫ እንደ ጉም ይረጭበታል። ውኃ በጆግ ከተደፋ ቡጢ የሚያህል ጓል ይሆናል፤ ካነሰም ዱቄቱ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በእጅ ሲጨመቅ ቅርጹን ከያዘና ውኃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። ፍሬዎቹ ሽምብራ ሲያህሉ አውጥታችሁ ጥላ ሥር አስጡ፤ ፀሐይ ይሰነጥቃቸዋል። ሲደርቁ አንዱን ከትከሻ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ልቀቁት፤ ከተሰበረ ሸክላው አንሷል። ሌላውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ አንድ ሰዓት ሳይፈርስ መቆየት አለበት። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ይሻግታል።

አጨማመሩም ቢሆን መበተን አይደለም። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ አራት ጣት ጠልቆ ይቀበር፤ አፈሩ ካልራሰ ምንም አይለቅም። ማሽላ ጉልበት ሲደርስ ናይትሮጅን በፍጥነት ስለሚፈልግ ዩሪያን ጨርሶ ተዉ አንልም፤ በግማሽ ቀንሱ ነው የምንለው።

ይህ ሁሉ ድካም ግን በአንድ ፌስታል ይበላሻል። የተቀዳደደ ፌስታል በወንፊት አይለይም፣ ሚክሰሩ ውስጥ ፍሬውን ይበትነዋል፣ ማሳ ላይም ዓመታት ይቆያል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ! የከተማችን አስተዳደር ጫት በሚሸጥባቸው ቦታዎች ለገረባ ብቻ የሚሆን ጆንያ ያስቀምጥ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራትም ለይተው ላመጡት ገረባ በኪሎ ይከፈላቸው። ቃሚውም ሲነሳ ገረባውን ለብቻ፣ ፌስታሉን ለብቻ ያድርግልን።

ከአክብሮት ጋር
የአፈር ለምነት ባለሙያዎች፣ ከሐረር