ከሕንፃ ደጃፍ ለወደቀ እግረኛ ማን ይጠየቅ?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰው በእግረኛ መንገድ ላይ አዳልጦት ሲሰበር፣ ከሕመሙ ቀጥሎ የሚያደክመው ተጠያቂ ፍለጋው ነው። ባለሕንፃው «መንገዱ የሕዝብ ነው» ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ «ደጃፉ የእሱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ተጎጂው በክራንች ይመላለሳል። ይህ ያናድደኛል። ተጠያቂው ሰው ከመውደቁ በፊት በሕግ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ኒውዮርክ ከተማን እንይ። ድሮ ባለንብረቱ ደጃፉን የመጠገን ግዴታ ቢኖርበትም፣ ለተጎጂ ካሳ የምትጠየቀው ከተማዋ ነበረች። ያውም ጉድለቱ በጽሑፍ ተነግሯት በ15 ቀን ውስጥ ካልጠገነች ነው። ስለዚህ ጠበቆች ማኅበር አቋቁመው የየመንገዱን ስንጥቅ በካርታ እያስነሱ ለከተማዋ ያስገቡ ጀመር። እስቲ አስቡት፣ ስንጥቁ ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል፤ ሰው ግን ይወድቅበታል! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የወጣው ሕግ ተጠያቂነቱን ከመንገዱ አጠገብ ወዳለው ባለንብረት አዞረው። ኢንሹራንስ እንዲገባም አስገደደው። ባለቤቱ የሚኖርበት፣ ለመኖሪያ ብቻ የሚውል፣ ከሦስት ቤተሰብ በላይ የማይይዝ ቤት ግን ከዚህ ነፃ ነው።

ልዩነቱ ፍትሐዊ ነው። የንግድ ሕንፃ ደንበኛ የሚገባለት በዚያው መንገድ ነው። አሸንዳው ውሃውን ንጣፉ ላይ ሲለቀው፣ ንጣፉ አረንግዶ ሲያሟልጭ፣ ጥበቃው በየቀኑ ያየዋል። በጡረታ የምትኖር እናት ግን የዛፍ ሥር የፈነቀለውን ንጣፍ በምን አቅሟ ታስጠግን?

ዛፍ ካነሳን አይቀር፣ በዚያው አቆጣጠር በ2008 የኒውዮርክ ግዛት የመጨረሻው የበላይ ፍርድ ቤት ዛፍ የተተከለበት ጉድጓድ በ2003ቱ ሕግ የእግረኛ መንገድ አካል አይደለም ብሎ ወስኗል። አንድ እርምጃ ወዲህ ከወደቅክ ባለንብረቱ ይጠየቃል፤ ወዲያ ከወደቅክ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕግ ሲረቀቅ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ከወዲሁ ይደፈን።

«ለትንሽ ጉድለት ሁሉ ልንከሰስ ነው» የሚሉ ባለንብረቶች አሉ። መልሱ መለኪያ ማስቀመጥ ነው። በኒውዮርክ ደንብ በሁለት ንጣፎች መካከል ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ካለ አደናቃፊ ተብሎ መጠገን አለበት። ይህንን ማንም በማስመሪያ ለክቶ ያውቀዋል።

ማዘጋጃ ቤቶች እጃቸውን ይታጠቡ ማለቴ ግን አይደለም። እየዞሩ ይፈትሹ፣ ባለንብረቱን በጽሑፍ ያስጠንቅቁ፣ እምቢ ካለ ራሳቸው ጠግነው ወጪውን ያስከፍሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ