ካናቴራውም ይፈተን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እሳት የሚችል ወታደራዊ ልብስ ሲነሳ ሁሌ የሚወራው ስለ ጃኬቱና ስለ ሱሪው ነው። ከስር ስለሚለበሰው ካናቴራ የሚያነሳ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሥራዬ ከጨርቅ ጋር ስለሆነ ክር በእሳት መፈተን ልማዴ ነው። የጥጥ ክር ክብሪት ሲነካው ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ብን ይላል። ናይለን ግን ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር ይደርቃል። አንዴ ጠብታው አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ላራግፈው ብል እምቢ አለኝ፣ ሲላቀቅም ቆዳዬን ይዞ ተነሳ። ይሄ ነገር ሙሉ ደረትና ጀርባ ላይ ሲሆን አስቡት! ፖሊስተርም ያው ነው፣ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። የአሜሪካ ማሪኖች በ2006 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ከካምፕ ሲወጡ ሰው ሠራሽ የስፖርት ካናቴራ እንዳይለብሱ የተከለከሉት ለዚህ ነው።

ልብሱ እሳት መቻሉ የሚለካበት ፈተና መጥፎ ነው አላልኩም። ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ልብሱን ይለብሳል፣ ገላው ላይ ከ100 በላይ የሙቀት መለኪያዎች አሉ፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው የጋዝ ነበልባል ይለቀቅበታል። የተለመደው ኃይል በካሬ ሜትር 84 ኪሎዋት ነው፣ ለሦስት ለአራት ሰከንድ። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ልኬቱ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ጨርቁ የያዘውን ሙቀት ወደ ገላ ማሳለፉን ቶሎ አያቆምም። ቆዳ ደግሞ ከ44 ዲግሪ ጀምሮ መጎዳት ይጀምራል። በመጨረሻ የትኛው የገላ ክፍል 2ኛ ወይም 3ኛ ደረጃ ቃጠሎ እንደሚደርስበት በኮምፒውተር ይሰላል።

ችግሩ አሻንጉሊቱ ከስር የሚለብሰው ብዙ ጊዜ የጥጥ ካናቴራ መሆኑ ነው። ወታደሩ ግን ሙቀቱ ሲበረታበት ላብ ቶሎ የሚያደርቅለትን ፖሊስተር ይመርጣል፣ ማን ይፈርድበታል? በዚያ ላይ አሻንጉሊቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው የሚፈተነው። ሰው ግን ይንበረከካል። ያኔ ጉልበቱ ላይ ጨርቁ ይወጠርና በጨርቁና በገላው መሀል ያለው አየር ይጠፋል፣ ሙቀቱን ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ያ አየር ነው። የቦርሳ ማንገቻና ቀበቶም ያንኑ ያደርጋሉ።

እጥበትም አለ። በኬሚካል ታክሞ እሳት እንዲችል የተደረገ ጥጥ በበረኪና ከታጠበ አቅሙን ሊያጣ ይችላል፣ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይለይም።

ስለዚህ ልብሱ ወታደሩ እንደሚለብሰው ሆኖ ይፈተን። ብዙ ጊዜ ታጥቦ፣ ቀበቶና ማንገቻው ታስሮበት፣ ከስር ልጁ በእውነት የሚለብሰው ካናቴራ ተደርጎበት። እናንተም «ፈተናውን አለፈ» የሚል ዜና ሲመጣላችሁ ከማተማችሁ በፊት ከስር ምን ለብሶ እንዳለፈ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ