የዝሆን ሣር ከሱሉልታ ውርጭ ጋር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ዝሆን ሣር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሣሩ ከትንሽ መሬት ብዙ መኖ እንደሚሰጥ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ከፍታ አንድም ቃል ሳይነሣ መታለፉ፣ ሱሉልታ ውስጥ አራት ዲቃላ ላሞች ለማረባው ለእኔ ቢጤው የሚያሳስት በመሆኑ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የዝሆን ሣር የሞቃታማው አፍሪካ ተወላጅ ነው። ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይቆማል። ይበልጥ የሚስማማው እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ያለው አገር ሲሆን፣ የእኛ ሱሉልታ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ የታደለንን ባለ ሦስት አንጓ የአገዳ ቁርጥራጭ ሁለቱን አንጓ አፈር አልብሼ፣ ጋደል አድርጌ በአጥሩ ሥር ተከልሁት። ክረምቱን ወገቤ ድረስ ቢደርስም ትንሽ ይርዘምልኝ ብዬ ማጭዴን አዘገየሁ። ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ስወጣ ቅጠሉ ነጭ ውርጭ ለብሷል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደተቀቀለ ጎመን ረገበ፤ በሳምንቱ ላሞቹ አሽትተው የሚተዉት ገለባ ሆነ። ቁርጥራጩን ያደሉን ባለሙያዎች ስለ ውርጭ ያነሡልን ነገር አልነበረም።

ደግነቱ ሥሩ አልሞተም፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል እንደገና አቆጠቆጠ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ከመሬት አንድ ጋት ያህል አስቀርቼ አጭደዋለሁ፤ የዓመቱን የመጨረሻ አጨዳም ከመስከረም አላሳልፍም። ቢዘገይ አገዳው ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑም ይቀንሳል፤ ለጋው ደግሞ ውሃ ስለሚበዛበት ጥቂት አጠውልጌ ከድርቆሽ ጋር ቀላቅዬ እሰጣለሁ። በእርከኑ ላይ የተከልሁት በጨንቻ ደጋ የሚታወቀው ደሾ የተባለ ሣር ነው። በቁመት ከዝሆን ሣር ጋር አይወዳደርም፤ ብርዱን ግን ይችላል፣ አፈሩንም ይይዝልኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የከፍታውንና የውርጩን ነገር እንድታክሉበት፣ ቁርጥራጩን የሚያድሉትም ይህንኑ አስቀድመው ለገበሬው እንዲነግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በየዓመቱ ድርቆሽ የሚያጭዱበትን መስክ ለዝሆን ሣር ሊያርሱት በሬ ቀጥረዋል። ቢያንስ ግማሹን ይተዉት ብያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጋዜጣችሁን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ።

አንድ የሱሉልታ ላም አርቢ