ዓይናቸው ደህና ነው፤ ግራውን ግን ልብ አይሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋዜጣችሁን ለዓመታት ሳያቋርጡ አንብበዋል። ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ግን «ይህ ጋዜጣ ምን ነካው? ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ራስ የለውም» ይሉ ጀመር። ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ ስጠይቃቸው እያንዳንዱን መስመር ከመሀሉ ነበር የሚጀምሩት።

ገበታ ላይም እንዲሁ ነው። የእንጀራውን የቀኝ ወገን ጠርገው በልተው፣ በግራ በኩል ያለው ወጥ ሳይነካ «ጨምሩልኝ» ይላሉ። እናቴ ትሪውን ስታዞርላቸው እንደ አዲስ ይበላሉ። በግራቸው ተቀምጦ ሰላም የሚላቸውን ጎረቤት አይመልሱለትም፤ «ኮሩብን» ተባለ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻቸዋለሁ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ ደም ግፊት መድኃኒትና ስለ ጨው በሚገባ ተነግሮናል። ስለዚህ ነገር ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። መነጽር ፍለጋ ስንዞር ሁለት ወር አለፈ። ዓይናቸው ደህና ነው ተባልን፤ እውነትም ደህና ነበር።

ነገሩን የገለጠልን አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ሰዓት እንዲሥሉ ጠየቃቸው። ለስንቱ ሕፃን ሰዓት ማንበብ ያስተማሩ ሰው ክቡን በወጉ ሣሉና አሥራ ሁለቱንም ቁጥሮች በቀኝ በኩል አጨናንቀው ደርድረው «ይኸው» ብለው ሰጡት። እናቴ ፊቷን አዞረች። የአንጎል ቀኝ ወገን ሲጎዳ ዓይን እያየ ሰው የግራውን ዓለም ልብ ማለት ሊያቅተው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የጎደለበት መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ቁጣ ምንም አይፈይድም። ሕመሙ ይበልጥ የሚሻሻለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሆኑን ስሰማ ያለፉት ሁለት ወራት አንገበገቡኝ።

አሁን በየጠዋቱ ከጋዜጣችሁ ዓምድ ግራ ዳር ቀይ መስመር አሰምራለሁ። አባቴ ቀዩን ሳያገኙ ማንበብ አይጀምሩም። ቡናቸውን ከግራ አቀርባለሁ፤ ከዘራቸውና ስልካቸው ግን ለደኅንነታቸው በቀኝ ይቀመጣሉ። የሚታየውን ነገር ወደ ቀኝ የሚያሸሽ የፕሪዝም መነጽር አድርጎ በጣት ዒላማ መንካትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በውጭ አገር የሚሠራበት ልምምድ ነው፤ መነጽሩ ሲወልቅ እጅ ወደ ግራ ያደላል። ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል። እኛ መነጽሩን አላገኘንም።

ከመንገዱ የበለጠ የሚያስፈራኝ የለም። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ክንዳቸውን ለአፍታ ብለቅ መንገድ ገቡ። በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ለሚሻገር ሰው ቀድሞ የሚደርስበት ከግራው ነው። ባጃጁ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ አንድ አግድም መስመር ተሰምሮለት «መሀሉን ምልክት አድርግ» ይባል። ምልክቱ ወደ ቀኝ ከሸሸ ቤተሰቡን ጠርቶ መንገር ነው። ወረቀትና እርሳስ በየትኛውም ጤና ጣቢያ አለ። እናንተንም የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፤ በዓምዶቻችሁ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ትንሽ ብታሰፉልን ቀዩ መስመር ፊደል ሳይነካ ያልፍልናል።

የአንባቢያችሁ ልጅ፣ ከጅማ