ምጣዱ አሁንም አንቺ ጋ ነው አይደል?

ሆዴ፣ እንደምን ከርመሻል?

ስሜን ስታዪ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» ማለትሽ አይቀርም። ልክ ነሽ፣ ፈልጌ ነው። ለጠፋሁበት ይቅር በይኝ። ከዚያ ከልደቱ ማታ በኋላ ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንቺም አልደወልሽም፣ በእሱ ሌላ ቀን እንጣላለን። ልጆቹ ደህና ናቸው። እኔም ወገቤን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። በቃ፣ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አስማ ካንን ታውቂያታለሽ? እዚህ ለንደን፣ ካርናቢ መንገድ አጠገብ፣ ኪንግሊ ኮርት ውስጥ «ዳርጂሊንግ ኤክስፕረስ» የሚባል ምግብ ቤት ያላት የህንዷ ካልካታ ልጅ። በፈረንጆቹ 2019 ኔትፍሊክስ ስለ ምግብ ሠሪዎች በሚያሳየው ተከታታይ ፊልም አንድ ሙሉ ክፍል ሠርቶላታል። እሱን ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አትሳቂ።

ሴትዮዋ በ1991 ባሏን ተከትላ ካምብሪጅ ስትመጣ ወጥ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። የእናቷ ቤት ምግብ ሲናፍቃት ጊዜ ካልካታ ተመልሳ ከእናቷና ከቤቱ ወጥ ሠሪዎች ተማረች። ከዚያ ደግሞ ሕግ አጥንታ ኪንግስ ኮሌጅ ዶክትሬቷን ያዘች። ጠበቃ ሆነች? አልሆነችም። በ2012 ቤቷ ውስጥ ሰው እያስከፈለች ማብላት ጀመረች። ቀጥሎ ሶሆ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ወጥ ቤቱን ሰጣት። በ2017 የራሷን ከፈተች።

እኔን የያዘኝ ግን ይሄ አይደለም። ወጥ ቤቷ ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች ብቻ ናቸው። አንዳቸውም የምግብ ትምህርት ቤት አልረገጡም። ብዙዎቹ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ፣ የሰው ቤት ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው። የገባሽ ይመስለኛል። እኔና አንቺ ነን እኮ! ያ የሠራንበት ምግብ ቤት ትዝ ይልሻል? ቲፓችንን «ለተሰበረው ሳህን» እያለ የሚያስቀረው ሰውዬ? ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ እዚህ አገር ቲፕ ለሠራተኛው ይድረስ የሚል ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ለእኛ አልደረሰልንም እንጂ።

አስማ ደግሞ ሁለተኛ ሴት ልጅ ናት። ወንድ ሲጠበቅ የመጣች። አሁን ህንድ አገር ሁለተኛ ሴት ልጅ ሲወለድ ጣፋጭ ታድሎ፣ ርችት ተተኩሶ እንዲከበር ገንዘብ ትልካለች። ይሄን ስሰማ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሦስተኛ ሴት ነሽና እልልታው አንቺ ጋ ሲደርስ አልቆ ነበር፣ እናትሽ ራሳቸው ነግረውኛል።

አንድ ቀን ቢሪያኒዋን፣ ያንን ሥጋና ሩዝ አብሮ የሚበስልበትን የህንድ ምግብ፣ ልሞክር አልኩ። ሥጋው ከታች፣ ድንች መሃል ላይ፣ ግማሽ የበሰለ ሩዝ ከላይ። ካልካታዎች ድንች ካልገባ ቢሪያኒ አይሉትም። ከዚያ የድስቱን አፍ ዙሪያውን በሊጥ ታሽጊና እሳቱን ዝቅ ታደርጊዋለሽ። መክፈት የለም። መቅመስ የለም። ማማሰል የለም! እኔ ሽንኩርት እንኳ ሳላማስል መቆም የማልችለው፣ እጄን አጣጥፌ ድስት ሳይ ዋልኩ። ሊጡ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሲሆን በቢላ ሰነጠቅኩት። እንፋሎቱ ሲወጣ ልጆቹ ከክፍላቸው ሮጠው መጡ። ታችኛው ሩዝ ትንሽ አሯል፣ እሱን አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ዕቅዴ ይሄ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ እቤቴ፣ ሳሎኔ የሚችለውን ያህል ሰው። አንድ ጊዜ የጾም፣ አንድ ጊዜ ዶሮ። ደረጃ 2 የምግብ ንጽህና ኮርስ ኦንላይን ወስጃለሁ። ካውንስሉ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ጋ ደግሞ ከመጀመርሽ 28 ቀን በፊት መመዝገብ ግድ ነው፣ ክፍያ ግን የለውም። ፎርሙ ሞልቼው ተቀምጧል። አልላኩትም።

ለምን አልላክሽውም በይኝ። ፈራሁ። አስማ ዘሯ የመሳፍንት ነው፣ ባሏ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፣ ቢወድቅባት የሚይዛት ነበራት። እሷም ብትሆን ቀላል አልሆነላትም። እዚሁ ለንደን ኮቨንት ጋርደን ሰፊ ቦታ ገብታ ነበር፣ ከዚያ ወጥታ ተመልሳ ኪንግሊ ኮርት ናት። እኔ ከወደቅሁ ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? ደግሞ እኮ ይሄንን የምነግረው ሰው የለኝም። እዚህ ላሉት ብነግር በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ሆቴል ከፈተች» ተብሎ ይወራል።

እና... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። የኔ እንጀራ ዓይን የለውም፣ ታውቂያለሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ስትስቂበት ኖረሻል። አንቺ ብትገቢበት ግን ሌላ ነገር ነው። ግማሽ በግማሽ፣ ወጪውም ትርፉም። ቅዳሜ ከበርሚንግሃም በአውቶቡስ ትመጫለሽ፣ ማታ ትጋግሪያለሽ፣ እሑድ አብልተን ሰኞ ጠዋት ትመለሻለሽ። ባልሽ ምን ይላል? ገና አትንገሪው። ወይም ንገሪው፣ ከሱ ጋር እኔ አልተጣላሁም።

ምጣዱን የወሰድሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ።

እሑድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደውዪልኝ። ቴክስት አትጻፊልኝ፣ ድምፅሽን ልስማው። እንቢ ካልሽም እንቢ በዪ፣ ምጣዱን ግን ላኪልኝ።

ያንቺው፣
እኔው ነኝ