ቅዳሜ ስለ ሰፈራችን መንገድ እንነጋገር

ሰላም ጎረቤቶች፣

ስለ ሰፈራችን የእግረኛ መንገድና ትራንስፖርት ለወረዳው የምናስገባውን ሐሳብ አብረን ለመጻፍ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በብሎክ 14 የጋራ መጠቀሚያ ቤት እንገናኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም።

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚንቀሳቀሰው በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶቡስ ነው። ከተማዋ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ጀምራለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን መንገድ ያጨናንቃል፤ ለእግረኛ ቦታ አይጨምርም።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ግቢያችን በር ያለውን መንገድ እዩት። ክዳን የሌለው ቱቦ ጋ ሲደረስ ሁሉም አስፋልት ላይ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ከሚኒባስ ጋር ስትጋፋ አየሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የእግረኛ መንገዱ፣ ቀጥሎ የአውቶቡስ መጠለያ ይቅደም እላለሁ። የብስክሌት መስመር የምትሉም አላችሁ፤ ቅደም ተከተሉን ቅዳሜ እንወስን።

አደጋ ያለበትን ቦታ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ኑ። አረጋውያንና በዊልቸር የሚሄዱ ጎረቤቶቻችን በተለይ እንዳይቀሩብን፤ ቤቱ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉ። የማይመቻችሁ ፎቶውንና ሐሳባችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።