አንቲፍሪዝ ከምንጠጣው ውሃ ይራቅ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ደብረ ብርሃን ውስጥ የቧንቧና የሶላር ውሃ ማሞቂያ ሥራ እሠራለሁ። ማሞቂያው ውስጥ የሚዞረው ውሃ በብርድ በረዶ እንዳይሆን የሚደባለቅበት ፈሳሽ አንቲፍሪዝ ይባላል። ብርዱ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "አንቲፍሪዝ ስንት ሊትር ይበቃል?" ብሎ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሚገባ፣ በምን እንደሚሞላ፣ የተረፈው የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸኛው ነው።

አንቲፍሪዝ ማስፈለጉ አያከራክርም። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማበርና መንዝ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መዳብም አይችለውም፣ ይሰነጠቃል። ጣሪያ ላይ ያለው የሶላር ፓኔል ደግሞ ለሰማይ የተዘረጋ ስለሆነ ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቃል። ስለዚህ አየሩ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ እንኳ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሊሠራ ይችላል። "ትናንት ማታ እኮ ያን ያህል አልበረደም" እያሉ የተሰነጠቀ ቧንቧ የሚያሳዩኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው።

በዝግ መስመር የሚሠራ ሶላር ላይ ፓኔሉ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽና ገላችንን የምንታጠብበት ውሃ አይገናኙም። ፈሳሹ ጣሪያ ላይ ይሞቃል፣ ታንከሩ ውስጥ ባለው ጥቅልል ቧንቧ ያልፋል፣ ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ስስ ብረት ብቻ ነው። ያ ብረት አንድ ቀን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ የሚገባው ነገር ቢያፈስ እንኳ ሰው የማይገድል መሆን አለበት።

ለመኪና የሚሸጠው አንቲፍሪዝ አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ለመኪናው ጥሩ ነው፤ ለቤት ማሞቂያ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ይጣፍጣል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሆድ ከገባ በኋላ ጉበት ወደ አሲድ ይቀይረዋል፣ ከዚያ የሚፈጠረው ክሪስታል ኩላሊት ያበላሻል። ለአዋቂ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ሊገድል ይችላል። የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ለሕፃን ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። ለቤት የሚሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ ለምግብና ለመድኃኒት ማምረቻም የሚያገለግለው ዓይነት። ዋጋው ወደድ ይላል፣ አውቃለሁ። በቀለም ግን አትለዩዋቸው። ቀለም የፋብሪካው ምርጫ ነው፤ አረንጓዴውም ሮዙም ከሁለቱ አንዱን ሊሆን ይችላል። ጄሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሙሉ ጄሪካን መግዛት ያልፈለገ ሰው በሃይላንድ ያስቀዳል። ሻጩም ይቀዳለታል፣ ምንም አይጻፍበትም። ገዢው መኪናው ወንበር ሥር ይወረውረዋል፣ እቤት ሲደርስ ከዘይቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ብርቱካናማው ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። የአራት ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይለየዋል? የግላይኮል ዘር ኬሚካል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያስጠነቀቀባቸው የሳል ሽሮፖች ውስጥ የተገኘው ኤቲሊን ግላይኮልና ዘመዱ ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበር።

ከሃይላንዱ ይልቅ ሰው ጨርሶ ልብ የማይለው አደጋ ግን ማሞቂያው የሚሞላበት የውሃ ጎማ ነው። አንድ ግቢ ማሞቂያው ያፈሳል ተብሎ ተጠርቼ ሄድኩ። የሞላው ሰው የመሙያውን ጎማ ከወጥ ቤቱ መስመር ጋር እንዳገናኘው ትቶታል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ከፈት አድርገው እንዲጨምሩበት ነው። ቫልቩም በደንብ አልተዘጋም። በዚያ ቀን የእኛ ሰፈር ፈረቃ አልነበረም፣ ውሃ ሄዷል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ስከፍተው መጀመሪያ አየር ነፋ። ቀጥሎ አረንጓዴ ውሃ መጣ። ከስሩ ድስት ተቀምጧል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ወጥ ቤቱ ታች ነው። ውሃ ሲሄድ የመስመሩ ግፊት ይወድቃል፣ ላይ ያለው ፈሳሽ በክብደቱ ቁልቁል ወደ መጠጥ ውሃው ይገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አንዴ የሚያጋጥም ብልሽት አይደለም፣ በየሳምንቱ ሊደገም ይችላል። ለዚህ ነው ጎማ ከቧንቧ ጋር ተያይዞ አይቀር የምለው፤ በልመና ጭምር እላለሁ።

ትክክለኛው አሞላል ከባድ አይደለም። አሮጌው ፈሳሽ በባሊ ተቀድቶ ይወጣል፣ መስመሩ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ውጭ በንጹሕ በርሜል ይደባለቃል፤ ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ለእኛ ብርድ ከሦስት እጅ አንዱ ፕሮፒሊን ግላይኮል ከበቂ በላይ ነው፤ ወደ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይይዛል። "ብዙ ካለ ይሻላል" ብሎ ሳይበርዝ የሚሞላ አለ፤ ይህ ስህተት ነው። የመኪናውን ብንወስድ፣ ያልተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል ራሱ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል፣ በውሃ እኩል ሲደባለቅ ግን የሚረጋው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን አልፎ ነው። ከዚያ ፈሳሹ በትንሽ ፓምፕ ከበርሜሉ ከታች በኩል ይገፋል፣ ላይ ያለው የአየር መውጫ ክፍት ሆኖ አረፋው እስኪያልቅ ይዞራል። ሲያበቃ ጎማው ይነቀላል። ታንከሩ ላይ ምን እንደገባ፣ ምን ያህልና መቼ እንደገባ በወረቀት ይለጠፋል። ይህን የማያደርግ ባለሙያ ገንዘቡን አትክፈሉት።

የወጣውንም ቦይ ውስጥ አትድፉት። ቦዩ በሬሳ ከሚባለው ወንዛችን ይደርሳል፤ ከመንገድ ዳር ከተጠራቀመው ደግሞ በግና ውሻ ይልሱታል።

አንዳንድ ሕንፃ የሚያሠሩ ሰዎች ከመሬት ሙቀት ስለሚስበው ሂት ፓምፕ መጠየቅ ጀምረዋል። በቀዝቃዛ አገሮች አንዳንድ ቤት የሚሞቀው መሬት ውስጥ በተቀበረ ረጅም ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ማሽኑ ሙቀቱን ሲወስድበት ፈሳሹ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል አንቲፍሪዝ ይገባበታል። ስዊድኖች ኤታኖል፣ ሌሎች ፕሮፒሊን ግላይኮል ይጠቀማሉ። ሜታኖል የሚጨምሩም አሉ፤ መርዝም ተቀጣጣይም ስለሆነ እኔ አልመክረውም። ቱቦው የሚቀበረው የጉድጓድ ውሃ በምናወጣበት መሬት ውስጥ ስለሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ምናልባት ሰው የመኪናውን አንቲፍሪዝ ከጠጣ አንድ ነገር ያዙ። መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፣ የመጠጥ ሽታ ግን የለውም። ከዚያ የተሻለው ሊመስል ይችላል። ኩላሊቱ የሚያቆመው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ነው። ወተት አጠጥቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ማርከሻ አለው፤ ፎሜፒዞል ይባላል፣ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው።

ዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የዞናችን ሆስፒታሎች ይህን ማርከሻ ወይም ምትኩን ይይዙ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉልን። የውሃ አገልግሎቶችም ማሞቂያ ለሚያስገባ ደንበኛ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ግዴታ ያደርጉ እንደሆነ ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቧንቧ ሠራተኛ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ